ከጓሮው የማይወጣው ሠዓሊ

ወንድምአገኝ ፍራፍሬ መሳል የጀመረው ወዶ አልነበረም። ደርግ ወድቆ ዓለም ከተማ ላይ ሻይ ቤቱም ፀጉር ቤቱም እንደ አሸን ሲፈላ፣ የሁሉንም ታፔላ የሚጽፈው እሱ ነበር። መቀስም ይሁን ብርጭቆ፣ የሚያገሳ አንበሳም ይሁን፣ ያዘዙትን በበራቸው ላይ ይስልላቸዋል። ታላቅ ወንድሙ ተገኘ በማሽላ ማሳ ድንበር ተጣልቶ ምንተስኖት የሚባለውን ሰው ደረቱን በጥይት ብሎ ከጣለው ቀን ጀምሮ ግን ሥራውም መንገዱም ተዘጋ።

ተገኘ የዚያኑ ዕለት የጀማን ወንዝ ተሻግሮ በረሃ ገባ። ገዳይ ሲጠፋ ደግሞ ደም የሚፈለገው ከወንድሙ ነው። የሟች ታናሽ አፈወርቅ ገና አፈሩ ሳይደርቅ በመቃብሩ ላይ ቆሞ፣ “የወንድሜን ደም ሳልመልስ ጠጉሬን አልቆረጥም፤ ጥቁሬንም አላወልቅም” ብሎ ማለ። ሽማግሌ ቢላክ አልሰማም፤ ቄስ ቢላክ አልሰማም። ወንድምአገኝ ከግቢው የድንጋይ ካብ ውጭ እግሩን ሳያነሳ ክረምቱን አሳለፈ።

ሥራ የለመደ እጅ ሲፈታ ነገር ይፈልጋል። ወንድምአገኝ በትንሽ በትልቁ ይቆጣ ጀመር። አንድ ቀን ሚስቱ ኮከብ ውሃ አዘገየችብኝ ብሎ እንስራውን በእርግጫ ሰበረባት። እሷም ወደ ጓሮ ሄዳ አንድ ትልቅ ትርንጎ ቆረጠችና ፊቱ አኖረችለት።

“ይሄን ሳል” አለችው። “እጅህ ሰው ሳይገድል ወይ እኔን ሳይገድል ሥራ ስጠው።”

ከታፔላ የተረፈ ኮምፔንሳቶ ነበረው፤ እሱ ላይ ሳለው። ከዚያ ወዲያ ጓሮው ያበቀለውን ሁሉ ተራ በተራ ያዘ። ሁለት የኮክ ዛፎች፣ አንድ ትርንጎ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን ደግሞ ያረጀች ሎሚ ነበረች። ፍሬውን ከአሮጌ ጠረጴዛ ላይ ያሰልፍና ፀሐይ እስክትዞር ያፈጥበታል። ሲስል ጉድለቱን አያልፍም። ትል የበላውን በትሉ ቀዳዳ፣ ወፍ የነካውን በቁስሉ ነበር የሚያሰፍረው። ኮከብ ሥዕሎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ለሻይ ቤቶች ትሸጣለች። የሰው ፍቅር እንግዳ ነው፤ ወንድምአገኝን ደመኛ አለበት ብለው ደጁን የሸሹት ሰዎች ኮኩን ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት።

አፈወርቅ ነገሩን የሰማው አማከለች ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ ነው። ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ትርንጎ ሲያይ ቆየና፣ “የማን እጅ ነው?” ሲል ጠየቀ። አማከለች መዋሸት አልሆነላትም። አፈወርቅ ተነሣ፤ ከጉያው ሳንጃ መዘዘና ትርንጎውን ከመሐሉ ወጋው። ኮምፔንሳቶው ተሰነጠቀ። ሳንጃውን ነቅሎ ደግሞ ወጋው፤ እንደገናም ወጋው። ኮከብ ሌላ ሥዕል ይዛ የገባችው በዚህ መሐል ነበር። ለመመለስ ጊዜ አላገኘችም። በሳንጃው እጀታ አፏን ሲላት የፊት ጥርሶቿ ረገፉ።

አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ደሙ በክንዷ እየወረደ እቤቷ ደረሰች። ወንድምአገኝ አንድም ቃል ሳይጠይቅ ገጀራውን ከግድግዳው አወረደ። ኮከብ ቀድማው የግቢው በር ሥር በጀርባዋ ተዘረጋች።

“ስትወጣ በእኔ ላይ ተራምደህ ውጣ።”

“ተነሽ!”

“አፈወርቅ ውጭ ዘመዶቹን ይዞ እየጠበቀህ ነው። እኔን የመታኝ አንተ እንድትወጣለት ነው።”

ወንድምአገኝ ከራሷ በላይ ቆመ። በመጨረሻ ገጀራውን ኮኩ ግንድ ላይ ሰካና ወደ ቤት ተመለሰ። ሚስቱ ተመትታ እሱ በር ዘግቶ ተቀመጠ፤ ይሄን ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ከዚያ በኋላ የሳላቸው ኮኮች ደም የቋጠሩ ይመስሉ ነበር። ኮከብ አንዱንም አልሸጠችም፤ “ይሄን ሰው አይሰቅለውም” ብላ አልጋ ሥር ከተተቻቸው።

ኅዳር ላይ፣ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ አፈወርቅ ራሱ መጣ። ጠመንጃውን ከቀብሩ ማግስት ፖሊስ ወስዶበት ስለነበር የያዘው ያንኑ ሳንጃ ነው። ወንድምአገኝ ጀርባውን ለካቡ ሰጥቶ ሎሚ እየሳለ ነበር። ከካቡ ድንጋይ ሲናድ ሰምቶ ዘወር አለ፤ ባይዞር ኖሮ ሳንጃው ጀርባው ላይ ነበር የሚያርፈው። ትከሻው ላይ ገባ።

ሁለተኛው ሲሰነዘር ስለቱን በቀኝ እጁ ጨበጠው። ጣቶቹ እስከ አጥንታቸው ተቆረጡ፤ እሱ ግን አልለቀቀም። ተያይዘው ጠረጴዛው ላይ ወደቁ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ሎሚው በአፈሩ ላይ ተበተነ። ወንድምአገኝ በግራ እጁ ሲዳብስ ብሩሽ የሚያጥብበት የሚያቃጥል አኳራጅ ያለበት ቆርቆሮ አገኘና አፈወርቅ ዓይን ውስጥ ደፋው። አፈወርቅ ሳንጃውን ጥሎ ፊቱን ያዘ። ከዚያ ወንድምአገኝ ከካቡ የወደቀውን ድንጋይ አነሣ። አንዴ መታው፤ የጉንጩ አጥንት ሲሰበር በእጁ ተሰማው። ደግሞ መታው። ደስ አለው። ወራት ሙሉ የታፈነው ሁሉ በዚያ ድንጋይ ወጣለት፤ ይሄን ደስታ በኋላ ሲያስበው ከቁስሉ ይልቅ ያመው ነበር። ደረቱ ላይ ተንበርክኮ ሳንጃውን አነሣና ጉሮሮው ላይ አሳረፈው።

የግቢው በር በኃይል ይደበደብ ነበር። ኮከብ ከቤት ሮጣ ወጥታ ማን እንደሆነ በቀዳዳ አይታ ከፈተችው። የአፈወርቅ እናት ወይዘሮ ወለተኪዳን ናቸው። ነጠላቸው የት እንደወደቀ እንጃ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

“ወንድምአገኝ” አሉ። አልጮሁም። “የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።”

“ሊገድለኝ ነው የመጣው፣ እማማ።”

“አውቃለሁ። ሳንጃው ከደበቀበት ሲጠፋ ነው የሮጥኩት። እግሬ አልደረሰልኝም።”

“ዛሬ ብለቀው ነገ ይመለሳል።”

አሮጊቷ መሬት ላይ፣ ከልጃቸው ራስ አጠገብ ተቀመጡ። “ምንተስኖትን የወለድኩት እኔ ነኝ። ደሙ ከማንም በፊት የእኔ ነው። ኪዳነምሕረትን፣ ይሄን ደም እኔ ዘግቼዋለሁ።”

“እማዬ፣ አትለምኚልኝ” አለ አፈወርቅ፣ አፉ ደም ሞልቶ። “ይግደለኝ።”

“አንተ ዝም በል” አሉት።

ወንድምአገኝ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። “አንቺስ ምን ትያለሽ?”

ኮከብ ከበሩ አልተነቃነቀችም። “ጥርሴን የሰበረው እሱ ነው። ዛሬ ቢሞት አላለቅስለትም። ግን ብትገድለው ነገም ይሄን በር የምዘጋው እኔ ነኝ። ደክሞኛል።”

ሳንጃው ጉሮሮው ላይ ቆየ። ከዚያ ወንድምአገኝ አሽቀንጥሮ ከካቡ ማዶ ጣለውና ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ትርንጎው ሥር ተዝለፍልፎ ወደቀ።

አፈወርቅ አንድ ዓይኑ ጠፋ። የወንድምአገኝ ሁለት ጣቶች ድነውም አልታጠፍ አሉ። ወይዘሮ ወለተኪዳን ቃላቸውን አላጠፉም። ሽማግሌዎቹን እሳቸው ራሳቸው ዞረው ሰበሰቡ። ተገኘም ዘመድ ተልኮበት ከበረሃ ወጥቶ እጁን ለፖሊስ ሰጠና ታሰረ። ጥር ላይ ሁለቱ ወገን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ካህናቱ መስቀል አስመትተው ዳግም ደም ላይፈላለጉ አስማሏቸው። የአፈወርቅን ጠጉር እናቱ በሁሉም ፊት በምላጭ ላጩት።

ሰው ሲበተን አፈወርቅ ወደ ወንድምአገኝ ቀረበ።

“የማርኩህ እናቴ ተው ስላለችኝ ነው” አለው። “መንገድ ላይ ብታገኘኝ ሰላም እንዳትለኝ።”

“አልልህም።”

ከእርቁ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ኮከብ ባሏን ይዛው ወጣች። ከግቢው ከራቀ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያየው መሰለው፤ የሚያውቀው መንገድ ሰፋበት። ሰላም ለሚሉት ሰዎች በግማሽ ልቡ እየመለሰ፣ በየጥጉ ዓይኑን ይወረውር ነበር። እህል ተራ ሲደርሱ አፈወርቅ ከፊት ለፊታቸው መጣ፤ ከጠፋው ዓይኑ ላይ ጨርቅ አስሯል።

ሁለቱም ወንዶች እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ። የሁለቱም ወገብ ባዶ ነበር። አፈወርቅ ፊቱን ሳያዞር በአጠገባቸው አለፈ፤ ትከሻው የኮከብን ነጠላ ነክቶ ሄደ።

ወንድምአገኝ የእህል ጆንያ ተደገፈ። “ወደ ቤት እንመለስ” አላት።

“ገና ጨው አልገዛሁም” አለች ኮከብ። ክንዱን ይዛ ወደ ጨው ተራው ወሰደችው።