በሰም የታሸገ ነቀዝ

እማማ ምላጭ የሚል ስም ያወጡላት ለምላሷ ነው። የዘር ማከማቻውን ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ጠርጋለች፤ ከወለሉ ይልቅ የሊቆቹን ጠባይ ጥግ ጥጉን ታውቀዋለች። በዚያ ቤት ጥፋት ባለቤት ኖሮት አያውቅም። የድንጋዩ ሊቅ መደርደሪያው ላይ የጎለተው ጥቁር ድንጋይ ከሰማይ የወደቀ ነው ብሎ ይምላል። የበሽታው ሊቅ በሽታ ሁሉ ከውጭ ገባ እንጂ ከሰውነት አልፈለቀም ባይ ነው፤ ራሱ ግን በገዛ ንዴቱ ጨጓራው ተልጦ ሆዱን ሲያሽ ይውላል። የገበያው ሊቅማ ኑሮ የተወደደው ባሕር ማዶ በነፈሰ ነፋስ ነው ይላል። ሦስቱ በተሰበሰቡ ቁጥር «ከውጭ ነው፣ ከውጭ ነው» እየተባባሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሷ ደግሞ በጫማቸው ከውጭ ያስገቡትን ጭቃ ትጠርጋለች።

አለቃቸው የዘሩ ሊቅ ነው። ከሁለት ወር በፊት የበቆሎ ዘር ከእርሻ አስመጥቶ ሃምሳ ብልቃጥ ሞላ፤ በአፋቸው ላይ አየር ብቻ የምታሳልፍ ስስ ጨርቅ ወጥሮ ጠርዟን በሰም አጣበቀ፣ ሰሙ ላይም ማኅተሙን መታ። ያኔ እማማ ምላጭ ዘሩን ዘግና አይታ፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው ብላው ነበር። ሳቀባት። በዚህ ጨርቅ ትንኝ አያልፍም አላት። ለሰማ ነገርኩ ብላ መጥረጊያዋን አነሳች።

ሰኞ ጠዋት ከሃምሳው አርባ አንዱ ነቅዞ ተገኘ። አለቃው ሦስቱን ሊቆች ጠራ። ነቀዙ ከውጭ መግባቱን ለመስማማት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የቀረው ያስገባውን ማግኘት ነበር። ዓይናቸው ምሳዋን በምትይዝበት ዘንቢል ላይ አረፈ። ገለበጡት። የዳቦ ፍርፋሪ ወደቀ፤ ነቀዝ የሚባል የለም። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ የስንብት ደብዳቤዋ ተጽፎ መጣ፣ የበሽታውም ሊቅ አነበበላት። መባረሩስ ባልከፋት፤ ያንገበገባት ምክንያቱ ነው። «ነቀዝ ያስገባች» ይላል። በንጽሕናዋ የሚምል ጎረቤት ፊት፣ በስተርጅና፣ ይህን ስም ተሸክማ ልትገባ ነው።

«ጨረስክ?» አለችው። «እንግዲያው ከደህናዎቹ አንዱን አምጡልኝ።»

አንዱ ብልቃጥ መጣ። ጨርቁ አልተነካም፣ ማኅተሙም እንዳለ ነው። አስከፈተችና አለቃው ራሱ ቀዳዳ የሌለባቸውን ፍሬዎች እንዲመርጥ አዘዘችው። በአጉሊ መነጽር እያገላበጠ መረጠ። የመጀመሪያውን በቢላዋ ለሁለት ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው። የገበያው ሊቅ በአፍንጫው ሳቀ። አራተኛውን ስትሰነጥቀው ነጭ ትል ተጠቅልላ ተኝታለች።

«እናትየዋ እርሻው ላይ ሳለ ፍሬውን ነድላ እንቁላሏን ጣለች፤ ቀዳዳውንም ደፍናው ሄደች» አለች። «አንተ ደግሞ ልጇን ተረከብክና ጨርቅ አልብሰህ፣ ሰም አትመህ አሳደግህላት። እንዳንተ ያለ ሞግዚት ከየት ይገኛል?»

የበሽታው ሊቅ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ያም ሆኖ እንቁላሉ ራሱ ከውጭ የመጣ ነው አለ። ሌሎቹ ሁለቱ ነፍስ ዘሩ፤ አዎ፣ በመሠረቱ ከውጭ ነው አሉ።

«ማን ከውጭ አይደለም አላችሁ? እግር አውጥቶ ግን አልመጣም። በማን እጅ እንደገባ ጻፉልኝ።»

አለቃው ደብዳቤውን ሊቀድ ሲል እጁን ያዘችው። ቀድደህ አትገላገልም፣ ሌላ ጻፍ አለችው። ላቡ እየወረደ ጻፈ፤ ዘሩን ፀሐይ ሳያስመታ ያሸገው እሱ መሆኑን፣ ጠራጊዋም ንጹሕ መሆኗን፣ ሥራዋ ላይም እንደምትቆይ ጽፎ ፈረመ። ፊደል ስለማትለይ፣ እሱንም ስለማታምነው፣ ሦስቱን ሊቆች በየተራ አስነበበቻቸው። የገበያው ሊቅ ተራው ሲደርሰው በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረ።

«ጮክ በል» አለችው። «ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ።»