ዳኛው አፉን ሲዘጋ

ቲክ፣ ቲክ። ማንኪያ የሳህን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ነካ። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ የአክስቲቱ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፦

«እሺ ዳኛው፣ ምን ይላሉ?»

እንደገና ጸጥታ፤ ትንፋሽ የሚያስይዝ። በመጨረሻ የመዋጥ ድምፅ፣ አስከትሎም የአክስቲቱ ሳቅ።

እናቲቱ ይህን ሁሉ የምትሰማው በራሷ ቤት ደጃፍ ቆማ ነው። ቁልፉን ጨብጣዋለች፣ ግን አትከፍትም። የምትመጣው ከሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትኩስ አንሶላ ስታጥፍ ውላ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል፣ እንፋሎቱም ገና ከፀጉሯ አልወጣም። ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ ብትል ምን ነበረበት። ነገር ግን ቁልፉ ገና ቀጭ ሲል ልጁ አፉን ይገጥማል፤ ከገጠመ ደግሞ ገጠመ ነው፣ ይግባኝ የለውም። ስለዚህ ሳህኑ እስኪያልቅ ደጅ ትጠናለች። ጎረቤት በደረጃው ሲያልፍ ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል።

ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ትንፋሹ ዘግይቶበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንገቱ አልጸናም፣ እጅና እግሩ በራሳቸው ጊዜ ይገተራሉ፣ ዓይኑ ብርሃንን ከጥላ ከመለየት አያልፍም፣ ቃልም አላወጣም። ጆሮው ግን አያድርስ ነው። «ዳኛው» ያለችው አክስቱ ናት፤ የጎረሰውን አፉ ውስጥ ይዞ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ የሁለት ባላጋራ ክርክር የሚመዝን ይመስል ስለሚቆይ። ቤተሰቡም ሲቀልድ አንቱ ይለዋል።

ዳኛው የሚበሉት ከአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ከአክስታቸው። አክስቲቱ የአባቱ ታላቅ እህት ናት። እናቲቱ ወደ ሥራ ስትመለስ «እስክትደላደሉ» ብላ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች፤ ሻንጣው አልጋ ሥር ገብቶ አቧራ ለበሰ። ትዳር አልያዘችም። ለምን ብሎ የሚጠይቃት ካለ፣ «ባሌማ መጥቶ ነበር፤ አድራሻ ተሳስቶ ጎረቤት ገባ» ትላለች። የወንድሟን ሚስት ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «ሙሽሪት» ስትላት ኖራለች፤ ሙሽሪትም «እታለም» ትላታለች።

ሙሽሪት፣ ልጄ ይሄዳል፣ ልጄ ይናገራል የሚለውን ምኞት አጣጥፋ ካስቀመጠችው ቆይታለች። የቀራት አንድ ነው፤ ከእጇ እንዲበላላት። ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ አቅፋው ትተኛለች፤ እሱም እሺ ይላል። ማንኪያ ስታነሳ ግን ባዕድ ትሆንበታለች። ሥራ ቦታ፣ ከአንዱ አንሶላ ወደ ሌላው ስትሻገር፣ እጇ ሳታዝዘው ይነሳና ባዶ አየር ውስጥ የማይታይ አፍ ይፈልጋል። «ምን እያደረግሽ ነው?» ሲሏት፣ «ዝንብ ነው» ትላለች።

አንድ እሑድ አክስቲቱ ገበያ ወጣች። ሙሽሪት የአክስቲቱን አረንጓዴ ሹራብ ከሚስማሩ አውርዳ ለበሰች። በአክስቲቱ ሳሙና እጇን ታጠበች። ልጁን ማሰሪያ ባለው ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ሳህኑን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችና ድምፅዋን አወፍራ፣ «እሺ ዳኛው፣ ምን ይላሉ?» አለች።

አፉ ተከፈተ።

እንደዚያ ቅጽበት ደስ ብሏት አያውቅም። ማንኪያውን አስገባች። ምን ያህል እንደሚገባ፣ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን ማንም አላሳያትም ነበር። ልጁ ባለበት ደረቀ። ሹራቡ የአክስቱ፣ ሽታው የአክስቱ፣ እጁ ግን የሌላ ሰው ሆነበት። የጎረሰውን የተፈጨ ድንች ተፋው፣ ትን አለው፣ አለቀሰ። ማታ አክስቲቱ ሳህኑን ብትነካ ለእሷም አልከፈተም። በማግስቱም እንዲሁ።

«ምን አድርገሽው ነው?» አለች አክስቲቱ።

ሙሽሪት ስለ ሹራቡ ነገረቻት። አክስቲቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሹራቡን አወረደችና ንጹሕ ሆኖ ሳለ አጠበችው።

ልጁ የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያደርግበት ማዕከል የቤተሰብ አማካሪ ላከላቸው። በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ይመስላል። ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልጁን ሳይነካ በፊት ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ጠየቀ።

«አባቱስ?»

«መንገድ ላይ ነው» አለች ሙሽሪት። «የረጅም መንገድ ሾፌር ነው።»

«እሱ ሲመጣም እመለሳለሁ።»

«ልጁ እኮ አልበላም» አለች አክስቲቱ። «እርስዎ የሚጠይቁት ስለ ሾፌር ነው።»

«እኔ እዚህ የምቆየው አንድ ሰዓት ነው። ሌላውን ሰዓት ሁሉ ከእናንተ ጋር ነው የሚውለው። ልጁን ብቻ ባክም ምን ይረባል? የማክመው ቤቱን ነው።»

«እንግዲያው ከጣሪያው ይጀምሩ፤ ያፈሳል።»

ሰውየው ሳቀ። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ አዘዛቸው፤ ልጁ ማንኪያውን አስቀድሞ በእጁ ይያዘው፣ ያሽትተው፤ ማንም ሌላ ሰው መስሎ አይቅረበው። ይህን ሲል ወደ ሙሽሪት አላየም፤ እሷ ግን አንገቷን ደፋች። ዳኛው ቀስ በቀስ ታረቁ። የታረቁት ግን ከአክስታቸው ጋር ነው።

አባትየው ከመንገድ ሲመለስ አማካሪው መጣና ሁሉንም በኩሽናው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። መካከል ላይ የተፈጨ ዱባ አለ።

«አሁን እርስ በርሳችሁ ትመጋገባላችሁ። የሚበላው ዓይኑን ይጨፍን፣ ራሱን ወደ ኋላ ይጣል። የሚያበላው ምንም አይናገር።»

«እኔ መሪ እንጂ ማንኪያ መያዝ አላውቅም» አለ አባትየው እየሳቀ።

«አንተ ትበላለህ እንጂ አትይዝም» አለችው እህቱ። «ዝም ብለህ አፍህን ክፈት፤ ለወሬ ሲሆን መቼ ይቸግርሃል።»

ዓይኑን ጨፈነ፣ ራሱን ጣለ። ሚስቱ ዱባውን አጎረሰችው። ትን አለው። ጠረጴዛውን ጨብጦ ደጋግሞ ሳለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሲረጋጋ ልጁን አየው።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቀለደም።

ሙሽሪት ማንኪያውን ይዛ ወደ አክስቲቱ ዞረች። አክስቲቱ ከንፈሯን ገጠመች።

«እኔ ማብላት እንጂ መብላት አልለመድኩም» አለች። አማካሪው አላስገደዳትም።

ከዚያ ሙሽሪትን ጠየቃት። «ማታ ስትገቢ ልጁ ምን ያደርጋል?»

«አፉን ይዘጋል።»

«ለምን ይመስልሻል?»

«ስለማይወደኝ ነው» አለች። ጮክ ብላ ስትለው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ባሏ ጣቶቹን ማየት ጀመረ።

አማካሪው አክስቲቱ ማብላት እንድትጀምር፣ ሙሽሪትም ወጥታ እንደ ወትሮዋ ከፍታ እንድትገባ ጠየቀ። ወጣች። በሩ ተዘጋ። ቁልፉን አስገብታ አዞረች። ስትገባ ሰውየው ልጁ እግር ሥር ተንበርክኮ አገኘችው፤ ልጁም እንዳለችው አፉን ገጥሟል።

«እግሩን ግን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«እግሩ ምን ሆነ?»

«ቁልፉ ሲገባ ሁለቱም እግሮቹ ተዘረጉ። ጣቶቹ ተከፈቱ። አንገቱን ወደ በሩ ለማዞር ታገለ። ይህ ልጅ ሲፈራ ይሰበሰባል፤ ደስ ሲለው ይገተራል። ሰውነቱ ሲገተር መንጋጋው አብሮ ይገጥማል፣ መዋጥ ያቅተዋል። አንቺስ እየሳቅሽ ውሃ መጠጣት ትችያለሽ? የሚዘጋው አንቺን ስለሰማ ነው።»

ሙሽሪት ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። ስንት ማታ ደጅ ቆማለች፤ እሱ ደግሞ እዚህ እግሩን ዘርግቶ ሲጠብቃት። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ማታ ማታ እግሩ አጠገብ ተቀምጦ የሚያበላው ሰው ማን እንደሆነ። ዞር አለች።

«ታውቂ ነበር፣ እታለም?»

አክስቲቱ የጠረጴዛውን ልብስ አስተካከለች፤ ያልተዛነፈውን።

«እግሩን እንደሚዘረጋ? አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትገቢያለሽ፣ ልብስ ትቀይሪያለሽ፣ ትወድቂያለሽ። መቼ ልንገርሽ?» ቆይታ ደግሞ፣ «አልጠየቅሽኝም» አለች።

«እህቴ…» አለ አባትየው።

«አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ በቤት ነገር አይገባም።»

አማካሪው ፍርድ አልሰጠም። ያመጣው ዘዴ ቀላል ነበር። ሙሽሪት ከሥራ ስትመጣ ሳትደበቅ ትገባለች፣ ልጁን ደስታው እስኪበርድለት ታቅፈዋለች። ከዚያ ማንኪያውን እሷ ትይዛለች፤ የአክስቲቱ እጅ ከእጇ በላይ ይሆናል። ልጁ ሲለምድ የአክስቲቱ እጅ ጥቂት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወደ ሙሽሪት የእጅ አንጓ፣ ወደ ክርኗ፣ ወደ ትከሻዋ።

«ከትከሻው በኋላስ?» አለች አክስቲቱ።

«ከትከሻው በኋላ ነፃ ነዎት።»



በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙሽሪት የአክስቲቱ መዳፍ ምን ያህል ሻካራና ትኩስ እንደሆነ አወቀች። መዳፉ በቃል ያልነገራትን ሁሉ ነገራት። ማንኪያው ከላይ ሳይሆን ከታች እንደሚመጣ። በታችኛው ከንፈር ላይ እንደሚያርፍና እንደሚጠብቅ። ምላሱን መሐሉ ላይ ለስለስ አድርጎ እንደሚጫን። ሲወጣ ጥርስ ላይ እንደማይፋቅ። ስትቸኩል መዳፉ ይከብዳል፤ ትክክል ስትሆን ይቀላል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ይገተር ነበር፤ ሁለቱም እጆች በአየር ላይ አብረው ይጠብቁታል።

«ሁለት ሴት በአንድ ማንኪያ» አለች አክስቲቱ አንድ ቀን። «ጎረቤት ቢያየን ዕቃ አጥተው ነው ይለናል።»

«እኚህ ዳኛ በሁለት ጠበቃ ካልሆነ ችሎት አይቀመጡም።»

«አንደኛዋ ጠበቃ እንኳ ገና ተለማማጅ ናት።»

የአክስቲቱ እጅ ወደ ሙሽሪት አንጓ ሲሸሽ ልጁ መዋጡን አላቆመም። ክርኗ ላይ ሲደርስ አክስቲቱ ሳትጠየቅ ማውራት ጀመረች። ወንድሟን፣ የአሁኑን ሾፌር፣ በልጅነቱ ያበላችው እሷ ነበረች፤ እናታቸው ከሥራ የምትመለሰው አምሽታ ስለነበር። «እሱም እንደዚህ አፉ ውስጥ ይዞ ይቆይ ነበር። ሲያድግ ማን እንዳበላው ረሳው። ልጅ ነው፣ ይረሳል።»

«አንቺንስ ማን አበላሽ?»

«እኔማ ተርቤ ነው ያደግኩት» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ሙሽሪት አንሶላ ስታጥፍ አሁን ባዶ አየር ውስጥ አፍ አትፈልግም። በዚያ ፋንታ በእጇ ላይ የነበረው ክብደት ይናፍቃታል። የተመኘችው ነገር በቀረበ ቁጥር ያ ክብደት ይርቃል፤ አንዱን ሳትለቅ ሌላውን መያዝ የሚቻል መስሏት ነበር። አክስቲቱ ወዴት እንደምትሄድ፣ ወይስ እንደማትሄድ፣ ልትጠይቃት ታስብና ማታ ቤት ስትገባ ልጁ እግሩን ዘርግቶ ሲጠብቃት ታያለች፤ ጥያቄው ይጠፋባታል።

የሙሽሪት የዕረፍት ቀን ነበር። አባትየው መንገድ ላይ ነው። ቀኑ ብራ ሆኖ የኩሽናው መስኮት ተከፍቷል፤ ልጁ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አክስቲቱ ከሙሽሪት ኋላ ቆማ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋለች። ሙሽሪት የልጁን ራስ በአንድ ክንዷ ደግፋ፣ በለመደችው በራሷ ድምፅ፣ «ዱባ ነው፣ የኔ ጌታ» አለችው። ማንኪያውን አሸተተ፤ ከፈተ፤ ዋጠ። ደገመ።

በሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ቀለላት።

ዞራ አላየችም። ማንኪያው ከንፈሩ ላይ ነበር። ልጁ አፉን ገጠመ፣ እግሮቹ ተዘረጉ፣ ግንባሩ ተቋጠረ። ጠበቀች። ከንፈሩ ጥግ ላይ ጥቂት ዱባ ወጣ። እግሮቹ ቀስ እያሉ ወረዱ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይጠራው፣ አፉን እንደገና ከፈተ።

«አየሽው?» አለች ሙሽሪት። ድምፅዋ ተሰብሯል።

«አየሁት።»

የቧንቧው ውሃ ወረደ። አክስቲቱ ዱባ ያልነካውን እጇን እየታጠበች ነበር፤ ጣት በጣት። በፎጣ አደረቀች፣ ፎጣውንም አጥፋ በቦታው ሰቀለች። አልፋ ስትሄድ ልጁን ፀጉሩ ላይ ዳበሰችው፤ እሱ የእናቱን እጅ እየጠበቀ ነበርና ወደ እሷ አልዞረም።

«ወዴት ነሽ፣ እታለም?»

አክስቲቱ ወደ በሩ ቀጠለች። ቦርሳዋ በሌላው ወንበር ላይ፣ ሻንጣዋም አልጋው ሥር ነው፤ አንዱንም አላነሳችም። ሙሽሪት ልትነሳ ፈለገች፣ ግን የልጁ ራስ ክንዷ ላይ ነው፣ አሁን ያጎረሰችውንም ገና አልዋጠም። አክስቲቱ ወጣች፤ በሩንም ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።