የለጢፋ አምስት የውሸት ቀናት

በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ለጢፋ ወደ አማቷ ወደ አዴ ዙለይካ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ዛሬ መጥቶብኛል» አለቻቸው። የወር አበባዋን ማለቷ ነው። ውሸቷን ነበር። ያቺን ውሸት ለመዋሸት ደግሞ ሦስት ቀን ስትለማመድ ሰንብታለች፤ ወይ ለጢፋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ነበር። ቤተሰቡ የሚያውቀው እጢ እንደወጣላት ነው። እጢው ግን ብቻውን አልወጣም፤ ሁለቱም እንቁላል ማምረቻዎቿ አብረውት ወጥተዋል። ቁስሏን የምታጥብላት ነርስ ትህትና ቁጭ አድርጋ አስረድታታለች።

«ሌላዋ ሴት በዓመታት ቀስ እያለች የምትደርስበት ማረጥ ነው፤ አንቺ በአንድ ቀን ደረስሽበት። ለዚህ ነው የሚበረታብሽ። ሙቀቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ሆድ መባሱም ከዚያው ነው። የሚያቀል መድኃኒት አለ፤ ላንቺ ይስማማ እንደሆነ ሐኪሙ ያይልሻል። ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ።»

ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ! ቀላል ነገር አስመሰለችው። ለጢፋ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያላት አንዲት ልጅ ሩፈይዳ ብቻ ናት። ባሏ ፋሂም ቡና ሊገዛ ወደ አጋሮ በሄደ ቁጥር፣ «ኢንሻአላህ ወንድም እንወልድላታለን» ይላል። መውለድ እንዳበቃች ከሰማ ሌላ ያገባል ብላ ፈራች። የአዴ ዙለይካ ዓይን ደግሞ አያርፍም። ሴት በወር አበባዋ ቀናት ስለማትጾምና ስለማትሰግድ፣ በዚያ ቤት ረመዳንን አንድ ቀን ሳታጎድል የጾመች ሴት ወይ አርግዛለች፣ ወይ አርጅታለች።

እናም ዋሸች። ሰውን ዋሽታ ግን አላህን መዋሸት አቃታት። አዴ ዙለይካ ማድ ቤት ሸፍነው የሚያስቀምጡላትን ገንፎ ለዶሮ እየበተነች፣ በሯን ዘግታ እየሰገደች፣ በድብቅ ጾመች። ሙቀቱ ከደረቷ ተነስቶ እስከ ጆሮ ግንዷ ይነድባታል፤ ላቡ ይወርዳል፤ ወዲያው ብርድ ይከተላል። ጉሮሮዋ እየደረቀ ውሃውን አየት ታደርግና ትተወዋለች።

በአምስተኛው ቀን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች። ፋሂም አንስቶ ፍራሽ ላይ አስተኛት። አዴ ዙለይካ እየሮጡ ደረሱ።

«ማል ታቴ፣ ኢንታላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ? የጠዋቱን ገንፎ በልተሽ የለም እንዴ?»

«አልበላሁም፣ አዴ። ጾመኛ ነኝ።»

«እንዴ! በወር አበባ?»

«የለብኝም። ከእንግዲህም አይመጣም።» እንባዋ ቀደማት። ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ስታበቃ ወደ ባሏ ዞረች። «ፋሂም፣ ሌላ የምታገባም ከሆነ አግባ። እኔ መዋሸት ደከመኝ።»

ፋሂም ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው መሃል ወጥቶ፣ ሁለተኛው እንቁላል ማምረቻዋም ተበላሽቷል፣ ካልወጣ ለሕይወቷ ያሰጋል፣ ፈርም አለኝ። ፈረምኩ። ሳትጠይቀኝ አስወጣህብኝ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ‹መጥቶብኛል› ስትዪማ ያለምክንያት ጾም የምትበዪ መስሎኝ አላህን ፈራሁልሽ፤ ግን በምን አፌ ልናገርሽ?»

«ወንድም እንወልድላታለን የምትለውስ?»

«እንዳትጠረጥሪኝ ነዋ!»

ይኼን ሰው ምን ይሉታል! ለጢፋ ከእፎይታው በፊት ንዴቱ መጣባት። «ሦስት ወር ሙሉ!» ብላ ትከሻውን በመዳፏ ደጋግማ መታችው። እሱም አልሸሸም። ከዚያ ድንገት እጇን ያዘና፣ «እውነት ጾመሽ ነበር?» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አዴ ዙለይካን ሌላ የልጅ ልጅ የማጣታቸው ነገር አንጀታቸውን በልቷቸዋል፤ አልደበቁትም፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወጥተውም አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ተመለሱ።

«ታመሻል፤ ለታመመ ተፈቅዷል። ጠጪ። ሰኞ ነርሷ ጋ እንሄዳለን፤ እኔም አለሁበት።»

«ቀኑ እኮ ተጋምሷል፣ አዴ…»

«ጠጪ» አለ ፋሂም ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ አፏ እያስጠጋ። «የዛሬዋን ምትክ፣ ቀዷዋን፣ ከኢድ በኋላ ስትጾሚ አብሬሽ እጾማለሁ።»

ለጢፋ ተነስታ ተቀመጠች። ባሏም አማቷም እያዩዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውሃውን እስከ ታች ጠጣችው።