የሦስት ሰዓት ፊርማ

ዶሪን ኩቢቼክ የገማቾችን የሙያ ሥነ ምግባር ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት የቤትና የመሬት ዋጋ ገምቶ የሚያድር ሰው ሁሉ በየሁለት ዓመቱ ለዚህ የሰባት ሰዓት ትምህርት መቀመጥ አለበት፤ ካልተቀመጠ ፈቃዱ አይታደስም። ዶሪን አምስት ቀን ሙሉ ቤት ስትለካ ሰንብታ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ፕሮጀክተሯን መኪና ላይ ጭና ከከተማ ከተማ እየዞረች ታስተምራለች። ሰው የሚመጣው መማር አምሮት እንዳልሆነ ካወቀች ቆይታለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ድምጿ ከምሳ በኋላ ይሰልላል፤ ቀልዶቿንም ተማሪዎቿ ከእሷ ቀድመው ይጨርሱላታል።

በኖቬምበር መጀመሪያ ባለው ቅዳሜ የተከራየችው አዳራሽ ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለ ሞቴል ውስጥ ነበር። አሥራ አራት ሰዎች መጡ። ከሁሉም ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ሌላንድ ስቶዶላ ተቀመጡ። የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ዶሪን ከባሏ ተፋትታ ሥራ ስትፈልግ ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ሪፖርቷን ሦስት ጊዜ ቀደው ጥለውባታል፤ በአራተኛው አንብበው «ይኼ እንኳ ቤት ይመስላል» ብለዋታል።

ለምሳ ሲነሱ ሌላንድ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ትምህርቱ ሲቀጥል ወንበራቸው ባዶ ነበር። ዶሪን አንድ ዓይኗን በሩ ላይ አድርጋ ስታስተምር ዋለች። ሊያበቃ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቀስ ብለው ገብተው ተቀመጡ። ሌሎቹ የምስክር ወረቀታቸውን እየተቀበሉ ሄዱ፤ እሳቸው መጨረሻ ላይ ብቻቸውን ቀረቡ።

«ዶሪ፣ የእኔን ስጪኝና ልሂድ።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

«ምን አመለጠኝ ደግሞ? ያላያችሁትን አየን አትበሉ፤ ባንክ የፈለገውን ዋጋ አትጻፉለት። እሱን መጀመሪያ ያስተማርኩሽ እኔ!»

«ሌላንድ፣ ወረቀቱ ‹ሰባቱንም ሰዓት ተቀምጧል› ነው የሚለው። ከሥሩ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ፈቃዴ በዲሴምበር መጨረሻ ያልቃል። ከዚያ በፊት ያለው ሌላ ትምህርት ኦማሃ ነው። በእነዚህ ዓይኖቼ ያን ሁሉ መንገድ ኦማሃ ድረስ ልንዳ?»

«በኮምፒዩተርም እኮ አለ።»

«እንኳን ኮምፒዩተር፣ ስልኬንም የምትከፍትልኝ አርሊን ነበረች።» አርሊን ሚስታቸው ናት፤ ከሠላሳ ማይል በላይ ርቆ ባለ መጦሪያ ቤት ከገባች ዓመት አልፏታል። ሌላንድ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ከእኔ እጅ ካልሆነ አትጎርስም። ነርሶቹ ሞክረው ሞክረው ተዉት። አንዷን ሳህን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መንገዱ ደግሞ አለ። እንግዲህ ተናገርኩ።»

አዘነችላቸው ማለት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ግን ዶሪን ደክሟት ነበር። እምቢ ብትል ክርክር አለ፤ ከክርክሩ በኋላ ፕሮጀክተሩን መጠቅለል፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ሰዓት መንዳት። እስክሪብቶዋን አወጣችና ፈረመች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሌላ ከተማ ስታስተምር፣ ትዋይላ የምትባል አዲስ ገማች እጇን አወጣች። «እኛን አንቺ ትቆጣጠሪናለሽ። አንቺንስ ማን ይቆጣጠርሻል?»

ክፍሉ ሳቀ።

«ፈቃዳችንን የሚሰጠው ቦርድ» አለች ዶሪን። ሌላም ልትጨምር ፈልጋ አፏን ከፈተች፤ ግን የቱ ጋ እንደነበረች ጠፋት። ስላይዱን ወደ ኋላ መለሰች፣ ወደ ፊት አሳለፈች። በመጨረሻ «አሥር ደቂቃ ዕረፍት» ብላ ወጣችና መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብርዱ ላይ ቆመች።

ሰኞ ጠዋት ለገማቾች ቦርድ ደወለች። ስልኩን ያነሳው አቤቱታ የሚመረምረው ዌንደል ነበር፤ ለዓመታት ይተዋወቃሉ።

«ሦስት ሰዓት ለጎደለ ሰው ሰባቱንም ተቀምጧል ብዬ ፈርሜያለሁ» አለችው።

«ማነው የነገረብሽ?»

«ማንም። እኔው ነኝ።»

«ዶሪን፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ብታዪ! በሩን ሳያንኳኩ ቤት የገመቱ አሉ። የሞተ ሰው ፊርማ ያመጣ አለ። አንቺ ደግሞ በሰኞ ጠዋት ራስሽን ከስሰሽ ትመጪብኛለሽ?»

«ምን ላድርግ?»

«አንዴ ከነገርሽኝ እኮ አልሰማሁም ማለት አልችልም። እኔም ሕግ አለብኝ። መዝገብ ልከፍት ነው።»

«ክፈተው።»

«ቆይ፣ ምን ነካሽ ግን?»

«እኔ እንጃ። ይህን ይዤ እዚያ ሰው ፊት መቆም አልቻልኩም። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

የቦርዱ ደብዳቤ ሳይቀድማት ለሌላንድ ልትነግራቸው በዚያው ቀን ወደ መጦሪያው ነዳች። ሌላንድ ከአርሊን አልጋ አጠገብ ተቀምጠው የተፈጨ ካሮት በማንኪያ ያጎርሷታል። ዶሪን በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«ብጠይቅዎት እሺ አይሉኝም።»

«አልልማ!» ማንኪያው ሳህኑ ላይ ወደቀ። አርሊን ደነገጠች፤ ከዚያ አፏን ከፍታ ጠበቀች። ሌላንድ ማንኪያውን አንስተው ጠረጉትና አጎረሷት። ቀጥሎ የተናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። «አርባ ሦስት ዓመት ሠርቼ አንድ ጥፋት አልተገኘብኝም። አሁን በምሳ?»

«ለቦርዱ ሰዎች ይጻፉላቸው። ስለ አርሊን ይንገሯቸው። እኔም አብሬዎት ሄጄ እመሰክራለሁ። ሰዎች ናቸው፣ ይረዱዎታል።»

«ሚስቴን ማስረጃ አላደርጋትም። ሂጂ አሁን። ሰው ቆሞ ሲያያት አትበላም።»

ቦርዱ በፌብሩዋሪ ወሰነ። የሌላንድ የምስክር ወረቀት ተሰረዘ፤ ዶሪን ለሁለት ዓመት እንዳታስተምር ተከለከለች። የመገመት ፈቃዷን አልነኩባትም። ሌላንድ ለስብሰባው አልሄዱም፤ ለደብዳቤውም መልስ አልሰጡም። ፈቃዳቸው ቀድሞ በዲሴምበር አልቆ ነበር፤ አላሳደሱትም። በከተማው ወሬው ተሰማ፤ አንዳንዱ «አስተማሪ ማለት እንዲህ ናት» ሲል ሌላው «ሽማግሌውን ሸጠችው» አለ። ዶሪን በመጀመሪያው ነፃ ቅዳሜዋ እስከ ቀትር ተኛች፤ ስትነሳ ግን ያረፈ ሰው ስሜት አልነበራትም። በብርዱ ወራት ሁሉ ሌላንድን ሁለት ጊዜ በከተማው እህል መጋዘን አጠገብ አየቻቸው፤ ሁለቴም መስኮታቸውን ሳይከፍቱ በፒክአፓቸው አለፏት።

ኤፕሪል ላይ ግን የቢሮዋ በር ተንኳኳ። ሌላንድ ናቸው፤ ፒክአፑ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል።

«አርሊን እንዴት ናት?» አለች ዶሪን።

«ዛሬ ደህና በልታለች። ያንቺ መደርደሪያ ቦታ አለው?»

«ለምን?»

«ደብተሮቼ። በዚህ አውራጃ የገባሁበት ቤት ሁሉ ሥዕሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ የፈረሱትም ጭምር። እኔ ስሞት ልጆቼ ያቃጥሉታል፤ ዴንቨር ከተማ የሚኖር ሰው የዚህን አገር ጎተራ ምን ያደርግበታል? አንቺ ግን ትሠሪበታለሽ።»

ዶሪን ካፖርቷን ፈልጋ ተከትላቸው ወጣች። ከፒክአፑ ኋላ አራት ትልልቅ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

«ሌላንድ፣ ይቅር ብለውኛል ማለት ነው?»

«እንደዚያ የሚል ቃል ወጣኝ?» አሉና የመጀመሪያውን ሳጥን ወደ ጫፍ ጎተቱት። «ከባድ ነው፣ በዚያ በኩል ያዥ። ጉልበትሽን ደግሞ ተጠንቀቂ።»