ላልቶ ይነበባል

አስቴር የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ተኝታ ነው። መርፌ ተወግታ ዐይኗን ስትከድን ነፍሰ ጡር ነበረች። ስትገልጥ አማቷ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ራስጌዋ ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

«ከምን?» አለች አስቴር።

ልጅቱ ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ቡዜ የሚል ስም ወጥቶላት ጠበቀቻት። ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ «እንዴት ብላ አለቀሰች?» ሲል አስቴር «ተኝቼ ነበር» አለች። ቡዜ አምስት ዓመት ከሞላት በኋላም እናቷ አንዳንዴ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም ብላ እንደ እንግዳ ታያታለች። ትወዳታለች። ግን ሲኒማ ቤት ዘግይቶ እንደገባ ሰው፣ መጀመሪያው አምልጧታል።

ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ላይ ሁለተኛውን አረገዘች። አንድ ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ለባሏ ለወጋየሁ ነገረችው። የሚኖሩት ጎፋ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ወጋየሁ የቀበሌው መፈክር ጻፊ ስለሆነ ከጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም።

«ይሄኛውን ነቅቼ ነው የምወልደው» አለችው። «ያለ መድኃኒት። ሲያለቅስ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።»

«ያማል እኮ።»

«የሚያመው እኔን አይደል?»

«አንቺን ያምሻል፤ እናቴ የምትቆጣው ግን እኔን ነው።»

ቢሆንም አብሯት ሆስፒታል ፍለጋ ወጣ።

በመጀመሪያው ሆስፒታል የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ጥያቄዋን ሲሰማ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠ። «መድኃኒት የለም ያለሽ ማን ነው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማንም። እኔ ነኝ የማልፈልገው።»

«መድኃኒት አለ፣ እህቴ። ሞልቷል።» ተነሥቶ በኮሪደሩ ወሰዳቸውና አንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን አሳያቸው። «ቁልፉን የያዘው ሰው ዘመቻ ሄዷል። መድኃኒቱ ግን ውስጥ ነው። ለላከሽ ክፍል ይህንኑ ንገሪልን።»

በሁለተኛው ሆስፒታል ሽበታም ሐኪም አገኙ። «እኔ ጋ ሴት አትጮህም» አሉ በኩራት። «ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ትሄዳለች።»

«ልጁስ?» አለች አስቴር።

«ይዛው ትሄዳለች።»

ሦስተኛው ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። እዚያ ዶክተር ገብረ መድኅን የሚባል፣ ከአንድ ሶሻሊስት አገር ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ ቀጭን ወጣት ነበር። እርጉዞችን አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድሮ መተንፈስ ያስተምራል። አስቴር የምትፈልገውን ስትነግረው የጠፋ ወንድሙን ያገኘ መሰለ።

«ሕመሙን የሚያባብሰው መጠንከር ነው» አላት። «ምጥ ሲመጣ ጥርስሽን አትንከሺ። ላላ በይ። መንጋጋሽ፣ ትከሻሽ፣ ከዚያ ሌላው በራሱ ይላላል። አንተም ላላ በል፤ ከጎኗ ሆነህ ‹ላላ› የምትላት አንተ ነህ።»

ወጋየሁ ታዛዥ ሰው ነው። ላላ ሲል ከአግዳሚው ተንሸራቶ ወደቀ።

«ባልሽ ጥሩ ይዞታል» አለ ዶክተሩ። «አንድ ነገር ብቻ አለ። ነገ ‹ሰፊውን ሕዝብ መድኃኒት ከለከለ› ብባል የሚመሰክርልኝ የለም። ቀበሌሽ ይደግፍሽ።»

አስቴር የቀበሌው ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። ሊቀ መንበሩ ጓድ አምሐ ቆማ እስክትጨርስ በጥንቃቄ ሰማት።

«የመድኃኒት እጥረት አለ ለማለት ነው፣ ጓዲት?»

«አይደለም። አልፈልግም ለማለት ነው።»

ጓድ አምሐ ጣሪያውን አየ። አዳራሹም አብሮት ጣሪያውን አየ። «ቆይ» አለ በመጨረሻ። «ሕዝቡ መድኃኒት ካልፈለገ፣ እጥረት የለም ማለት ነው።»

ከዚያ ተጨበጨበ። አስቴር ስትገባ የራሷ የነበረው ሆድ ስትወጣ የቀበሌው ሆኖ ነበር። የወሊድ ግብረ ኃይል ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ጓድ ሮበሌ ሚስትም ልጅም የሌለው የኅብረት ሱቅ ዘበኛ ነው። በየሳምንቱ ቤቷ እየመጣ በር ላይ ቆሞ «ትንፋሽሽ እንዴት ነው፣ ጓዲት?» ይላል፤ «ደኅና ነው» ስትለው ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ይሄዳል።

ጓድ አምሐ መፈክሩን ራሱ አረቀቀው፤ ወጋየሁ ሁለት ቀይ ጨርቅ ገጣጥሞ ጻፈው። «ለጓዲት አስቴር ያለ መድኃኒት መውለድ በጋራ እንታገላለን!»

ምጡ የመጣው እሑድ ጠዋት፣ ሰፈሩ ለጽዳት ዘመቻ መጥረጊያ ይዞ በወጣበት ሰዓት ነው። ግብረ ኃይሉ በተውሶ አይፋ መኪና አስቴርን፣ ወጋየሁን፣ አማቷንና መፈክሩን ጭኖ ሆስፒታል አደረሰ። ዶክተር ገብረ መድኅን አልነበረም፤ ሳይታሰብ ለሴሚናር ተጠርቶ ሄዷል። የማዋለጃው ክፍል ግድግዳ ደግሞ ለመፈክሩ ጠበበ። ሮበሌ ብዙ አላሰበም። ስፌቱን ተርትሮ ግማሹን ከአስቴር አልጋ በላይ፣ ግማሹን የሆስፒታሉ በር ላይ አሰቀለ።

በሩ ላይ የተሰቀለው «መውለድ በጋራ እንታገላለን!» የሚል ሆነ። ከላፍቶ በበቅሎ የመጣች አንዲት እርጉዝ ባሏ ፊደል እየቆጠረ ሲያነብላት ሰማችና «እዚህ መውለድን እየታገሉት ነው፤ መልሰኝ» አለችው።

ከአልጋው በላይ የቀረው «ለጓዲት አስቴር ያለ መድኃኒት» ነበር።

እዚህ ላይ ችግሩ አንዲት ፊደል ናት። «ያለ» በሚለው ቃል ውስጥ «ለ» ላልታ ስትነበብ መድኃኒቱ አይኖርም፤ ጠብቃ ስትነበብ መድኃኒቱ አለ። ወጋየሁ ሲጽፋት አላልቷት ነበር። ግን ማላላት በብሩሽ አይጻፍም።

ተረኛዋ ሲስተር አፀደ ስለዚህ ሁሉ የሰማችው ነገር የለም። ቀና ብላ ግድግዳውን አነበበችና አጠበቀችው። ያለው መድኃኒት በሙሉ ለዚህች ሴት እንዲሰጥ ተወስኗል።

«ለሌሎቹስ?» ብላ ሮበሌን ጠየቀችው።

«ለጊዜው ለጓዲት አስቴር ብቻ ነው» አለ ሮበሌ በሙሉ ልቡ።

ሲስተር አፀደ ትእዛዝ ታከብራለች። ከየመሳቢያው ያለውን ሰበሰበች፦ የኮሶ ክኒን፣ የዐይን ቅባት፣ የሳል ሽሮፕ፣ ለምን እንደሆነ የተረሳ አንድ ቡናማ ጠርሙስ፣ በመጨረሻም ለክፉ ቀን የተቀመጠውን የሚያስተኛ መርፌ። ትሪው ከበዳት።

አስቴር ትሪውን ስታይ ከትራሱ ተነሣች። «ሲስተር፣ እኔ የምፈልገው ያለ...» ስትል ምጡ መጣ፤ ጥርሷ ገጠመ፤ «ለ» በጥርሷ መካከል ጠበቀች፤ «...መድኃኒት ነው።»

«አመጣሁልሽ እኮ፣ የኔ እህት። ያለውን ሁሉ ነው።»

«አይደለም። ያለ!» አለች አስቴር። ከመጀመሪያው ይበልጥ ጠበቀ። ምጥ ላይ ያለ ሰው ፊደል ማላላት ይቸግረዋል።

«አዎ፣ ያለ። ሌላ የለንም» አለች ሲስተር አፀደ፤ መርፌውን ቀድታ አየሩን ወደ ላይ ረጨች።

አስቴር መርፌውን አየችው። ያኔ ከእንቅልፏ ነቅታ «ከምን?» ያለችበት ክፍል ጠረን አፍንጫዋ ላይ መጣ።

ወጋየሁ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ሚስቱን አየ፣ መርፌውን አየ፣ ከዚያ የራሱን የእጅ ጽሑፍ አየ። የገባው ያኔ ነው።

«ሲስተር፣ ላልቶ ነው የሚነበበው» አለ።

«ምኑ?»

«ለ!»

ሲስተር አፀደ መርፌውን ወደ ላይ እንደያዘች ወደ ጨርቁ ዞረች። «የቱ ለ? ‹ለጓዲት› የሚለው ነው?»

«እሱ አይደለም፤ ሁለተኛው! ይላላ! ላላ! ላላ!»

አስቴር ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ነው። የዶክተሩ ቃል በባሏ ድምፅ። መጀመሪያ መንጋጋዋ ተከፈተ፤ ቀጥሎ ትከሻዋ ወረደ፤ ሌላው እንደተባለው በራሱ ሆነ። ሲስተር አፀደ ሁለተኛውን «ለ» በጣቷ እየፈለገች ሳለ ከኋላዋ የልጅ ጭንቅላት ወጣ። ጽሑፉን ትታ በነጻ እጇ ደረሰችበት።

አስቴር እጇን ከፍ አደረገች። መፈክር ሊያሰማ አፉን የከፈተው ሮበሌ እንደተከፈተ ተወው።

ልጁ አለቀሰ። አስቴር መንገድ እንደሚነገረው ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ወጋየሁ ግን «ላላ» የሚለውን ገና አልጨረሰም ነበር። ጉልበቱ ላላ፤ ተዘረረ። ሲስተር አፀደ ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥታ የወደቀውን ሰውዬ፣ ከዚያ የቀዳችውን መርፌ ተመለከተች። አንዴ የተቀዳ መድኃኒት ወደ ብልቃጡ አይመለስም፤ መድፋት ደግሞ ወንጀል ነው። ጎንበስ ብላ ወጋችው።

ወጋየሁ ሲነቃ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ሌላ ጎን ዞራለች። እናቱ ራስጌው ቆመው «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉት።

«ከምን?» አለ ወጋየሁ።

ልጁ ታጥቧል፣ ተጠቅልሏል፣ አስቴር ሙሴ ብላዋለች። ቡዜም መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ነው።

«እንዴት ብሎ አለቀሰ?» አለ ወጋየሁ።

አስቴር እንዳትሳሳት ጥቂት አሰበች። «ላልቶ ጀመረ» አለች። «ከዚያ ጠበቀ።»

ቡዜ እግሯን ማወዛወዝ አቆመች። «እኔስ፣ እማዬ? እኔ እንዴት ብዬ ነው ያለቀስኩት?»

ወጋየሁ እናቱን አየ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ያኔ እሳቸውም ውጭ ነበሩ።

«አልሰማሁሽም» አለች አስቴር። «እስቲ አሁን አልቅሺልኝ። ልስማሽ።»

ቡዜ እናቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ምን ሆኜ?» አለች።