ካስክ ስር የተባለ

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ልጄ ጸጉር ቤት እንሄዳለን። እንሄዳለን ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መታጠቢያ ቤት ከወደቅኩ ወዲህ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል፤ ልጄ ደግሞ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ቆማ ጨርቅ ስትቆርጥ የምትሰነብት ሴት ናት። እኔ ክንዷ ላይ እንጠለጠላለሁ፣ እሷ እግሯን እየጎተተች እኔንም ትጎትታለች፤ ያየን ሰው ደካማዋ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ይቸገራል። ገና ግማሹን ሳንሄድ "ደረስን እማዬ" ትለኛለች። ውሸታም። እኔም ኧረ አልደከመኝም እላታለሁ። ከማን ተማረችው ታዲያ።

ጸጉር ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ሁለት መስታወት፣ አንድ መታጠቢያ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ እኛ የምንጠብቅበት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ካስኩ። ይኼ ካስክ የሚሉት ጸጉር ማድረቂያ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ጸጉር ሠሪዋ ሁልጊዜ ልቀይረው ነው ትላለች፤ አብረው ያረጃሉ እንጂ አትቀይረውም። ጸጉሯን በቢጎዲን አስጠቅልላ እሱ ስር የተቀመጠች ሴት ሰማይ ቢደፋ አትሰማም። ክፋቱ ራሷንም አትሰማም። እያንሾካሾከች እየመሰላት ትጮሃለች።

በዚህ ስንት ጉድ ሰምተናል መሰላችሁ። ዳቦ ቤት ያላት ወፍራሟ ሴትዮ የአማቷን ሰው ሠራሽ ጥርስ የት እንደደበቀች፣ ነርሷ የትኛውን ሐኪም በሕልሟ እንዳየችው፣ ሁሉንም እናውቃለን። አግዳሚው ላይ ያለነው ሻርፓችንን አፋችን ላይ አድርገን እንስቃለን። ሴትየዋ ስትወጣ ግን አንዳችንም ትንፍሽ አንልም። ማንም አላወጣውም፣ የቤቱ ሕግ ነው፤ ካስክ ስር የተባለ አልተባለም። ታዲያ እያንዳንዷ የሚጮሁት ሌሎቹ ብቻ ይመስሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እኔ ካስክ አልገባም። የእኔማ ምን ጸጉር አለ፤ ታጥቦ በፎጣ ሲታሽ ያልቃል። ከዚያ አግዳሚው ጫፍ ላይ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ልጄ እንቅልፍ የወሰደኝ ይመስላታል። እንቅልፍ ድሮ ቀረ፤ ዓይኔን የምጨፍነው መብራቱ ስለሚያደክመኝ ነው። የምሄደውም ለእኔ ጸጉር ብዬ አይደለም። ቤት ውስጥ የምታጥበኝ፣ የምታሸኝ፣ የምታለብሰኝ ልጄ ናት፤ እሷን ደግሞ የሚነካት ሰው የለም። ጸጉር ሠሪዋ ራሷን ይዛ ውሃ ስታፈስባት ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነገር ለማየት ስል ነው ያን መንገድ የምሄደው።

ያን ቅዳሜ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። ምን ሆነሽ ነው ስላት ምንም አለችኝ። ይኼ ምንም የሚሉት እንግዳ ቤታችን ከገባ ሰነባብቷል፤ አብሮን ይበላል፣ አብሮን ይተኛል። ተናደድኩ። እኔ ስናደድ እዘጋለሁ፤ እሷም ዘጋች። እንደተዘጋጋን ገባን፤ ነርሷና ባለዳቦ ቤቷ አግዳሚው ላይ ቀድመውናል።

ታጠብኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጄም ተጠቅልላ ካስክ ስር ገባች። ጸጉር ሠሪዋ አጠገቧ ሆና ጥፍሯን እየሞረደችላት አንድ ነገር ጠየቀቻት መሰለኝ፤ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። የልጄን መልስ ግን ሰማሁ። እንኳን እኔ፣ ጎረቤት ያለው ባለሱቅም ሳይሰማ አይቀርም።

"ሰኞ እምቢ ልላቸው ነው" አለች። "ሌላ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ከፍተዋል፤ የቆረጣ ክፍሉ ኃላፊ ሁኚ አሉኝ። ወንበር አለው፣ ታምኛለሽ? ተቀምጬ ልሠራ ነበር። ግን ማደሪያው የሴት ሠራተኞች ነው፣ እናት ይዞ መግባት የለም። የት ልጣላት? ወንድምሽ ቤት ከምገባ መቃብር ይሻለኛል ብላ ምላለች። አልጠይቃትም። ብጠይቃት ትሞትብኛለች።"

ነርሷ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ መሃል ላይ ዋጠችው።

"ደክሞኛል" አለች ልጄ። "ሌሊት ስትስል እሰማና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መቼ ነው የማርፈው እላለሁ። እወዳታለሁ እኮ። ግን መቼ ነው የማርፈው?"

አጮልቄ ሳይ ጸጉር ሠሪዋ ክንዷን ጫን ብትላትም ልጄ ዓይኗን ጨፍናለች። ካስኩ ብቻ ያጓራል። ሁሉም ወደ እኔ ላለማየት ሲታገሉ ዓይኔን መልሼ ብጨፍንም ታወቀኝ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፣ አልዋሽም። አዝዬ ያሳደግኳት እኔ፣ ሌሊት ስታለቅስ መቼ ነው የማርፈው አላልኩም ልል ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ብያለሁ። ስንቴ ብያለሁ።

ሰምቼሻለሁ፣ ሂጂ ብላትስ? አውቃታለሁ። በእፍረት ትሞታለች። እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትለኛለች፣ ሰኞም እምቢ ትላለች፣ ከዚያ ያቺን ቃል ለመካስ ስትል ዕድሜዋን ሙሉ ከአጠገቤ አትነቃነቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ስለዚህ እኔ አልሰማሁም። መሄድ ያለብኝም እኔ ነኝ፤ ያውም ወድጄ፣ ፈልጌ፣ ማንም ሳያባርረኝ።

ተነሣሁ። ጸጉር ሠሪዋን ጨምሪላት አልኳት። ደርቋል እኮ እማማ ልትለኝ አፏን ከፈተችና ፊቴን ስታይ ቁልፉን አዞረችው። ነርሷ ክንዴን ይዛ ደጅ አወጣችኝ፤ ወንድ ልጄ ጋ ደወለችልኝ።

ወንድ ልጄ ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ሚስቱን አስፈቅዶ ነው የሚወጣው። ምራቴም ክፉ አይደለችም። አንድ ጊዜ ቤታቸው ሰንብቻለሁ፤ ማንም አልተጣላኝም፣ ማንም አላወራኝም። ሶፋው ላይ ስቀመጥ ትራሱን ታስተካክላለች፣ ስነሣ መልሳ ታስተካክላለች። የልጅ ልጄ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነገር ሳትነቅል ደህና ዋልሽ አያቴ ትለኛለች፤ መልሴን አትጠብቅም። መቃብር ይሻለኛል ያልኩት እንዲያው ለነገሩ አልነበረም።

መጥቼ እናንተ ጋ ልኖር ነው አልኩት። ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ፣ ሚስቱን እያየ ነው። የልጅቷ ፈተና ይለፍ አለ፣ ቤቱ ይጠበናል አለ፣ ከእህቴ ጋር ተጣላችሁ እንዴ አለ። አልተጣላንም፣ እሷ ተራዋን ጨርሳለች አልኩት። ይኼን ስል ድምፄ ሳይሰበር አልቀረም፤ ቶሎ ብሎ እሺ፣ እሑድ እመጣለሁ አለኝ። ከልጅቷ ጋር አንድ ክፍል ትተኛላችሁ ሲለኝ የት እንደምተኛ አልጠየቅኩህም አልኩት። ለእህቱ ናፍቃችሁኛል ብላ ራሷ ለመነችኝ እንዲላት አስምዬው ዘጋሁት።

ስመለስ ልጄ መስታወቱ ፊት ተቀምጣለች፤ ጸጉር ሠሪዋ ቢጎዲኑን እየፈታችላት ነው። ጆሮዋ ከሙቀቱ ቀልቷል። ቆንጆ ናት፤ ደክሟት እንኳ ቆንጆ ናት።

"ወንድምሽ ጋ ልሄድ ነው" አልኳት። "ነገ ይወስደኛል።"

በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። "ለጥየቃ?"

"ለመኖር።"

ሳቀች። መቃብር ይሻለኛል ስትይ የነበርሽው ማነሽ አለችኝ። ሰው ሐሳቡን አይለውጥም እንዴ አልኩ። ጠዋት ትወጫለሽ፣ ሲመሽ ትገቢያለሽ፣ እኔ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ፤ እዚያ ሰው አለ፣ የልጅ ልጄም ናፈቀችኝ አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ቢጎዲኑ ከጸጉር ሠሪዋ እጅ አምልጦ ወደቀ። ዳቦ ቤት ያላት ሴትዮ መሬቱን ታያለች። አንዷ ኧረ እማማ ብትል ጉድ ፈልቶ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም አለ።

ልጄ ቀስ በቀስ አመነችኝ። ሲገባት አየሁት። መጀመሪያ ትከሻዋ ወረደ፤ ስንት ዓመት ሽቅብ ይዛው የኖረችው ትከሻ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። አለቀ ብዬ ነበር፤ ለካ አላለቀም። ፊቷ ተለወጠ፣ ወንበሯን አዞረችና መስታወቱን ትታ እኔኑ አየችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የከፋሽ?"

ቆይቷል አልኳት።

"እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው የቀረሁት" አለች። "ምን አጎደልኩብሽ እማዬ? አንድ ነገር ንገሪኝ።"

ፈለግኩ። እናንተዬ፣ ፈለግኩ። መድኃኒቴን ስትሰጠኝ፣ እግሬን ስታሽልኝ፣ ሰክቼ የረሳሁትን ካውያ ዝም ብላ ስትነቅል፣ ያንን ሁሉ ገለባብጬ አንድ ጉድለት አጣሁ። ዝም ብል ደግሞ ይነቃብኛል። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።

"ምግብሽ ጨው የለውም።"

ጨው የከለከለኝ ሐኪሙ ነው። ለእኔ ደም ግፊት ብላ፣ እኔ እንዳያምረኝ ብላ፣ አብራኝ ጨው የሌለው ስትበላ የኖረች ልጅ ናት። ነርሷ የሆነ ድምፅ አመለጣትና ቶሎ በሳል ሸፈነችው።

ልጄ ትኩር ብላ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

"በቃ ሂጂ" አለችኝ።

ወደ መስታወቱ ዞረች። ጸጉር ሠሪዋም ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት የእጅ ማድረቂያውን አነሣችና የደረቀውን ጸጉር እንደገና ታደርቅ ጀመር። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እስክትጨርስ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ያለ እሷ ክንድ ቤት መድረስ አልችልም።