የሐምዲያ የድጋፍ ደብዳቤ

የመምህራን ማሠልጠኛው ደብዳቤ ሸዋ ሮቢት የደረሰው በ1975 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ነበር። ሐምዲያ ትምባሆ እርሻው ውስጥ ቅጠል ስትለይ ውላ ስትመለስ አማቷ እማማ መሪያም ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል።

"የመንግሥት ወረቀት ሳይሆን አይቀርም ልጄ፤ ወፍራም ነው" አሏት።

ተቀብለዋታል። ለትዳር ብላ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ቀጥላ፣ ማትሪክ ተፈትና፣ በሃያ ሰባት ዓመቷ አስተማሪ ልትሆን ነው። ደስታዋ የዘለቀው ግን እስከ ሁለተኛው ገጽ ድረስ ነበር። ሠልጣኞች የሚበሉትም የሚያድሩትም በግቢው ውስጥ ነው፤ ልጅ ይዞ መግባት በጥብቅ ተከልክሏል።

ልጇ ፈሪሃ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ሷሊሕ በ1969 ከሚሊሺያው ጋር ወደ ምሥራቅ ሲዘምት ገና ጡት አልተወችም ነበር። አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚል የለም፤ አየሁት የሚልም የለም። ልጅቷን ለአያቷ ትቶ መሄድ እንዳይታሰብ መሪያም ራሳቸው መሪ የሚፈልጉ ሆነዋል፤ ቀወት ገጠር ያለችው ሴት ልጃቸው ልትወስዳቸው ተነጋግረዋል። እዚያ ደግሞ በቅርብ ትምህርት ቤት የለም።

ሐምዲያ ደብዳቤውን ደግማ ስታነበው ከታች አንዲት መስመር አገኘች። በቤተሰብ ችግር ከግቢ ውጭ የሚኖር ሠልጣኝ፣ ከቀበሌው ማስረጃ ካመጣ፣ የምግቡ ወጪ በገንዘብ ሊሰጠው ይችላል።

"ሊሰጠው ይችላል ነው የሚለው እማማ፤ ይሰጠዋል አይልም።"

"ይችላልን ይሰጠዋል ማድረጉ ያንቺ ፋንታ ነው" አሉ መሪያም።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ጓድ ሰይፉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከዚህ ቀደም ያልተጻፈ ነገር መጻፍ ያስፈራዋል። ጉዳይዋን ሰምቶ ሲያበቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"መንገዱ ሁለት ነው፣ እህት ሐምዲያ። ባሌ ሞቷል ካልሽ ሦስት ምስክር አምጪና የሰማዕት ቤተሰብ ናት ብዬ እጽፋለሁ፤ ማንም አይመልስሽም። አልሞተም ካልሽ ግን ባለትዳር ነሽ። ባለትዳርን ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች ብዬ እንዴት ልጻፍ?"

"ብቻዬን እንደማሳድጋትማ ያውቃሉ።"

"እኔ ማወቄ ማስረጃ አይሆንም።"

ምስክር አልጠፋም። ሦስት ጎረቤቶች በአንድ ቀን እሺ አሏት። "ለልጅሽ ብለሽ ነው፤ ማንን ትጎጃለሽ?" አሏት። ሐምዲያም ወረቀት ገዝታ ማመልከቻውን ጀመረች። "ባለቤቴ ሷሊሕ አደም" ብላ ጻፈችና ቀጣዩን ቃል ሳትጽፍ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ለመመዝገቢያ የቀራት ስምንት ቀን ነው። ብትጽፈው ነገ ማኅተም ይመታበታል። ወረቀቱን አጥፋ ለመሪያም ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ልጽፈው ነበር እማማ። ግማሹን ጽፌው ነበር።"

"ሞቶም ከሆነ አላህ ይማረው" አሉ አሮጊቷ። "ልጄ የሞተበትን ቀን ግን ቀበሌ አይቆርጥልኝም። አንቺም በውሸት አትማይ።"

ጠዋት የፈሪሃን ትከሻ ይዘው፣ ሐምዲያን አስከትለው ቀበሌ ገቡ። ሰይፉ ከወንበሩ ተነሣላቸው።

"ሰይፉ ልጄ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅህ። ሷሊሕ የት ነው ያለው?"

"ኧረ እማማ፣ እኔ በምን አውቄ?"

"እንግዲያው አላውቅም ብለህ ጻፋ!"

ሰይፉ ፈገግ ሊል ከጀለና ተወው። "እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም እማማ።"

"እኛም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን አያውቅም። ሲዘምት ስሙ የተጻፈበት መዝገብ የለም?"

መዝገቡ ነበር። ሰይፉ ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ገለጠው፤ የሷሊሕ ስም፣ የሄደበት ቀን፣ ከጎኑ "የተመለሰበት" የሚለው ቦታ ባዶ። ባዶውን ቦታ እያየ ቆየ። ከዚያ በገዛ እጁ ጻፈ፤ ባለቤቷ በዘመቻ ሄዶ እስከ ዛሬ አለመመለሱን፣ የት እንዳለ አለመታወቁን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጇንና አማቷን ብቻዋን ማስተዳደሯን ከመዝገባችን አረጋግጠናል። ማኅተሙን አሳረፈበት።

መሪያም ወደ ቀወት ሄዱ፤ ሐምዲያና ፈሪሃ ደጋ ላይ ወዳለው ማሠልጠኛ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ዳገቱን ጨርሶ የጣርማ በርን ዋሻ ሲያልፍ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ቆላ ያደገችው ፈሪሃ ከአፏ የሚወጣውን እንፋሎት አይታ "እማ፣ እየጨስኩ ነው!" ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሐምዲያ ነጠላዋን አውልቃ ደረበችላት።

ማሠልጠኛው በር ላይ መዝጋቢው ልጅቷን እንዳየ እጁን አወዛወዘ። ሐምዲያ አልተከራከረችም። ኃላፊ ማግኘት እፈልጋለሁ ብላ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ያን ቀን አልሆነም። በማግስቱም ከማለዳው ተመልሳ እዚያው ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ የሠልጣኞች አገልግሎት ኃላፊ ወይዘሮ እቴነሽ አስጠሯት። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት።

"የት እንዳለ አይታወቅም የሚል ማስረጃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሞቷል ቢል ኖሮ ዛሬውኑ እፈርምልሽ ነበር፤ ይህ ግን ኮሚቴ ሊቀርብ ነው።"

"ይቅረብ እትዬ። እስኪወሰን በሩ ላይ እጠብቃለሁ።"

"ባይፈቀድስ?"

"ለምን እንዳልተፈቀደ ጠይቄ እንደገና አመለክታለሁ።"

ኮሚቴው በአምስተኛው ቀን ፈቀደ። የሚሰጣት የአንድ ሰው ምግብ ገንዘብ ነው፤ ለሁለት ማብቃቃቱን ለእሷ ተዉት። ከግቢው ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራየች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠልጣኞችን ልብስ እያጠበች ኪራዩን ትሞላለች። ፈሪሃ አንደኛ ክፍል ገባች። ልጅቷ በታመመችባቸው ሁለት ሳምንታት ሐምዲያ ክፍል ሳትገባ ቀርታ ለመባረር ተቃርባ ነበር፤ ጓደኞቿ ማስታወሻቸውን እያዋሷት ፈተናውን አለፈች።

ሰኔ ላይ ምደባው በዕጣ ሆነ። የቀወትን ሙቀትና ወባ ፈልጎ እጁን ያወጣ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሐምዲያ ያለ ዕጣ አገኘችው። የምታስተምርበት መንደር ከሸዋ ሮቢት በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የመጀመሪያ ደመወዟን በተቀበለች ሳምንት መሪያምን በአህያ አምጥታ ከራሷ ጋር አኖረቻቸው።

ሷሊሕ አልመጣም። ሰው በጠየቃት ቁጥር "አላውቅም" ትላለች፤ ከዚያ ደወሉ ይደወላልና ሰባ ልጅ ወደሚጠብቃት ክፍል ትገባለች።